ክርን የሚታጠፍበት ስፍራ

እ.ኤ.አ. በ1934 ሞቃት ወራት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በምትገኘው አክሮን ከተማ፣ አንድ ሰው ከገዛ ልብሱ መውጣት አቃተው። ሰውየው ዋይሊ ፖስት ነው፤ ከአንድ ዓመት በፊት ዓለምን ብቻውን በአውሮፕላን በመዞር የመጀመሪያው የሆነ፣ አንድ ዓይኑን በአደጋ ያጣ አብራሪ። ልብሱን የሠራለት ቢ ኤፍ ጉድሪች የተባለው የጎማ ፋብሪካ ነበር። ልኩ ከተወሰደበት ቀን ወዲህ ፖስት ወፈር ብሏል። ጎማው ሲገባበት እሺ አለ፣ ሲወጣበት እንቢ አለ። ወደ ቀዝቃዛ መጋዘን ወስደው ልብሱን ቀደው አወጡት።

ፖስት ይህን ሁሉ የሚደክመው ከፍ ብሎ ለመብረር ነው። ከደመናው በላይ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላን ይበልጥ መፍጠን እንደሚችል ገብቶታል። ነገር ግን ‹ዊኒ ሜይ› የሚላት አውሮፕላኑ አካሏ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ በመሆኑ አየር አፍና ልትይዝ አትችልም። ቤቱን ማሸግ ካልተቻለ የሚቀረው ሰውየውን ማሸግ ነው። የፋብሪካው መሐንዲስ ራስል ኮሊ ለሦስተኛው ሙከራ የፖስትን ቅርጽ በብረት አስወጥቶ፣ በቅርጹ ላይ ላቴክስ አፍስሶ ልብሱን አበጀ። ቅርጹ የተወሰደው ፖስት ተቀምጦ ሳለ ነው። ስለዚህ ልብሱ ገና ሲሠራ ጀምሮ የሚያውቀው መቀመጥን ብቻ ነበር፤ ቆሞ መሄድ ለፈለገ ሰው አይመችም። የሆነው ሆኖ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ፖስት ያንኑ ልብስ ለብሶ ቺካጎ ላይ ወደ 12,000 ሜትር ያህል ወጣና በሰላም ወረደ።

የጠፈር ጉዞ ታሪክ ሲነገር የምንሰማው ስለ ሮኬት ነው። እሳቱ፣ ጩኸቱና ጭሱ ዓይንን ይስባሉ። እኔን ግን ከዓመታት ጀምሮ ሐሳቤን የያዘው ልብሱ ነው፤ በተለይም ክርኑና ጉልበቱ። አየርን በጎማ ውስጥ አፍኖ መያዝ ያን ያህል አላስቸገረም፤ የጎማ ሠሪዎች የሚያውቁት ሙያ ነበርና ቶሎ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብልሆችን ያደከመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አየር የሞላበትን ልብስ የለበሰ ሰው ክርኑን እንዴት ይጠፍ? ይህ ጥያቄ የመሐንዲስ ጥያቄ ይመስላል። ውሎ አድሮ ግን ስለ ሰው ልጅ ጥበቃና ነፃነት የሚነግረን ነገር እንዳለው አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከጫና መነሣት ያስፈልጋል። ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገላው ላይ አንድ ኪሎ ያህል አየር ይጫነዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ይህ ሸክም በሩብ ገደማ ይቀልላታል፤ ድስታችን ላይ ያለው ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እያነሰ ይሄዳል። 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ 37 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም የሰው ገላ ሙቀት ነው። ከዚያ ከፍታ በላይ ራቁቱን የወጣ ሰው ምራቁ፣ እንባውና በሳንባው ግድግዳ ላይ ያለው እርጥበት ያለ እሳት ይፈላሉ። ወሰኑ የተሰየመው ሃሪ አርምስትሮንግ በተባለ የአሜሪካ ጦር የአየር ሕክምና ሐኪም ስም ነው፤ በኋላ ጨረቃን የረገጠው ሰው ሞክሼ መሆኑ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። በ1966 መጨረሻ፣ ሂውስተን ውስጥ፣ ጂም ለብላንክ የተባለ ባለሙያ የጨረቃን ልብስ ለብሶ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ትልቅ ክፍል ውስጥ ሲሞክር የአየር ቱቦው ከልብሱ ተላቀቀ። አሥራ አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ራሱን ሳተ። ከመውደቁ በፊት መጨረሻ ያስታወሰው ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ሲንፈቀፈቅ ነበር። አየሩን በፍጥነት መልሰው ስለሞሉት ሰውየው ተረፈ።

ነፃነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጫና የሌለበትን ስፍራ ነው። የሚይዘን፣ የሚጫነን፣ ከላይ የሚከብደን ነገር ሁሉ ቢነሣልን እንደ ልብ የምንሆን ይመስለናል። ገላችን ግን ከተፈጠረ ጀምሮ ተይዞ የኖረ ነው። ከውጭ የሚይዘው እጅ ድንገት ቢለቀው የሚፈስ፣ የሚፈላ፣ የሚበተን ፍጥረት ነው። መኖራችን ራሱ በመደገፍ ላይ የቆመ ሆኖ ሳለ ድጋፉን ሳናውቀው እንኖራለን፤ አየርን ክብደት አለው ብሎ የሚያስብ መንገደኛ የለም። ይህን የማይታይ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በጨርቅና በጎማ መልሶ መሥራት የነበረባቸው ሰዎች ግን ምን ያህል ከባድ፣ ምን ያህልም ለስላሳ እንደሆነ ተማሩ።

ከባዱ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው። በደንብ የተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ለማጠፍ የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እንደ ልብ የሚታጠፈው ጎማ አየር ሲገባበት ዱላ ይሆናል። የልብስ እጅጌም እንዲሁ ነው። ክርን ሲታጠፍ የእጅጌው ውስጠኛ ስፋት ይጠባል፤ ስፋቱ ሲጠብ በውስጡ ያለው አየር መጨመቅ አለበት፤ አየሩን የሚጨምቀው ደግሞ የለባሹ ጡንቻ ነው። ጣት ለመጨበጥ፣ እጅ ለመዘርጋት፣ ጎንበስ ለማለት በእያንዳንዱ ጊዜ ከገዛ እስትንፋስ ጋር መታገል ያስፈልጋል። መፍትሔ ፈላጊዎቹ አስቀድመው ያደረጉት አየሩን መቀነስ ነው። የምንተነፍሰው አየር አንድ አምስተኛው ብቻ ኦክስጅን ስለሆነ፣ ልብሱ በንጹሕ ኦክስጅን ከተሞላ ከባሕር ወለሉ ጫና ሩብ ያህሉ ለሕይወት ይበቃል። ለመታጠፍ ሲሉ ከአየሩ ሦስት እጁን ተዉት። የቀረው ሩብ እንኳ ክርንን ለማሠር ይበቃ ነበር።

ኮሊ በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለ ቲማቲም ቅጠል ላይ የሚኖር ትል ሲሄድ አየ ይባላል። ትሉ ሲተጣጠፍ ገላው በአንድ በኩል ተሰብስቦ በሌላው በኩል ይዘረጋል፤ በጠቅላላው ግን ውስጡ አይጠብም። በኋላ የጠፈር ልብስ ሠሪዎች ሁሉ የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ እየታጠፈ ስፋቱን የማይለውጥ መጋጠሚያ። ሐሳቡን ማግኘትና በጎማ መሥራት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሊና ጉድሪች በ1961 ለመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ጠፈርተኞች ያዘጋጁት የብር ቀለም ያለው ልብስ በመንኮራኩሩ ውስጥ ተቀምጦ ለሚቆይ ሰው የተሠራ ነበር፤ አየር የሚሞላው መንኮራኩሩ አየር ካፈሰሰ ብቻ ነው። የዩሪ ጋጋሪን ብርቱካናማ ልብስም እንደዚያው ነው። ሁለቱም የፖስት ልብስ ልጆች ናቸው፤ መቀመጥን ያውቃሉ። በሜይ 1961 አሜሪካዊው አለን ሼፓርድ ለ15 ደቂቃ በረራ ተዘጋጅቶ ሮኬቱ ጫፍ ላይ ለሰዓታት ሲጠብቅ ሽንቱ መጣ፤ ልብሱ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። ፈቃድ ጠይቆ ልብሱ ውስጥ ሸና። ታላላቅ ስሌቶች ሁሉ ተሠርተው ሳለ የሰው ፊኛ ተረስቷል። ይህን የማነሣው ለዋዛ አይደለም፤ ገላን መርሳት በዚያ ዘመን ምሁራን ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ ስለነበረ ነው።

በማርች 1965 የሶቪየቱ ጠፈርተኛ አሌክሲ ሌኦኖቭ ከመንኮራኩሩ ከ‹ቮስኾድ 2› ወጣ። ከእሱ በፊት ከመንኮራኩር ውጭ የዋለ ሰው አልነበረም። አምስት ሜትር ከምትበልጥ ገመድ ጫፍ ላይ ሆኖ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ከምድር በላይ ተንሳፈፈ። ደረቱ ላይ የታሰረ ካሜራ ነበረው፤ ማንሻው ጭኑ ላይ ነው። እጁን ወደ ጭኑ ሊሰድ ሲሞክር አልደረሰለትም። ልብሱ በባዶው ሕዋ ውስጥ ተነፍቶ ነበርና ጣቶቹ ከጓንቱ ጫፍ፣ እግሮቹም ከጫማው ጫፍ ሸሽተው ቀሩ። ሌኦኖቭ ሠዓሊ ነበር፤ በዚያ በረራ ላይ ባለቀለም እርሳሶች ይዞ ሄዶ የፀሐይን መውጣት ከምህዋር ሆኖ ሥሏል። ያ ሁሉ መስመር የሚወጣበት እጅ ጓንቱን መሙላት አቃተው።

ከሁሉ የከፋው ሊመለስ ሲል መጣ። የሚገባበት ‹ቮልጋ› የተባለ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ በእግሩ ሊገባ ተለማምዶበት የነበረው ሰው አሁን ከልብሱ መነፋት የተነሣ መግባት አልቻለም። ምድር ላይ ላሉት አለቆቹ ሳይነግር ከልብሱ ላይ ያለችውን መክፈቻ ነክቶ አየሩን ማስተንፈስ ጀመረ። 0.4 የነበረውን የከባቢ አየር ጫና ወደ 0.27 ገደማ አወረደው። ከዚህ በታች ጥቂት ቢሄድ ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊገድለው ይችላል፤ ባያወርደው ደግሞ ውጭ ይቀራል። በጭንቅላቱ ገባ። ከዚያ በዚያ ጠባብ ስፍራ ገላውን አጥፎ ዞረ፤ በሩን መዝጋት ነበረበትና። ላቡ ዓይኑን እያሳወረው ነበር።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሳስብ የሚከብደኝ የአደጋው ዓይነት ነው። ሌኦኖቭን ሊገድለው የቀረበው የሕዋው ባዶነት ብቻ አይደለም። ባዶነቱን የሚከለክልለት፣ በእጁ የተሸከመው፣ ከአገሩ ይዞት የሄደው አየር ወደ ቤቱ እንዳይገባ በሩ ላይ ቆመበት። ሕይወቱን ያዳነው ደግሞ ከጥበቃው ከፊሉን በገዛ እጁ መልቀቁ ነው፤ ምን ያህል እንደሚለቅ የሚነግረው መጽሐፍ በዚያች ደቂቃ አልነበረውም። ከልክ ያለፈ ጥበቃ እንደሚያሥር፣ ከልክ ያለፈ መልቀቅም እንደሚገድል ብዙ ጠቢባን ተናግረዋል። ሌኦኖቭ ግን ልኩን የፈለገው በጣቱ ነው፤ መክፈቻዋን እየነካ፣ የገላውን ስሜት እያዳመጠ።

በዚያው ዓመት አሜሪካኖች የጨረቃን ልብስ ማን ይሥራው የሚለውን ይከራከሩ ነበር። ለጨረቃ የሚሆን ልብስ ከፖስት ልብስ በእጅጉ መለየት አለበት፤ ለባሹ ይራመዳል፣ መሰላል ይወጣል፣ ድንጋይ ያነሣል፣ ቢወድቅ ይነሣል። ብዙ መሐንዲሶች ልባቸው ወደ ጥሩር ያደላ ነበር፤ ከብረትና ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ፣ እንደ ጥንት ጦረኛ ትጥቅ በመገጣጠሚያው የሚዞር ልብስ። በሥዕል ላይ ያምራል። ሌሎቹ ከአውሮፕላን አብራሪዎች ልብስ ተነሡ። በ1965 ሦስት ልብሶች ሂውስተን ላይ ተፈተኑ። አንዱ በፈተናው ላይ የራስ ቁሩ ተፈናጥሮ ወጣ። የሌላው ትከሻ ከመነፋቱ የተነሣ ለባሹ በጨረቃ መንኮራኩሩ በር ሊገባ አልቻለም፤ ሌኦኖቭ ያየው መከራ ምድር ላይ ተደገመ። ከሃያ ሁለቱ ፈተናዎች በአሥራ ሁለቱ አንደኛ ወጥቶ ያሸነፈው ግን ከዴላዌር ግዛት፣ ከዶቨር ከተማ የመጣው ልብስ ነው። የድርጅቱ ስም ኢንተርናሽናል ላቴክስ ኮርፖሬሽን ነው። የአሜሪካ ሴቶች የሚያውቁት ግን ‹ፕሌይቴክስ› በሚለው ምልክቱ ነበር፤ ጡት መያዣና ወገብ የሚያጠብቅ የውስጥ ልብስ ይሠራል።

ይህ ድርጅት ለዋናው ተቋራጭ ሲሠራ ቆይቶ ከሥራው የተባረረ ነበር። በራሱ ገንዘብ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ አዲስ ልብስ ሠርቶ ውድድሩ ውስጥ እንዲገባ ለምኖ ነው የገባው። ለምን አሸነፈ? መልሱ ግልጽ ይመስለኛል። ሌሎቹ የሚያውቁት አየርን ነው፤ እነዚህ የሚያውቁት ገላን ነው። የውስጥ ልብስ የሚሠራ ሰው ገላ ቀኑን ሙሉ እንደማይቆም ያውቃል፤ ያጎነብሳል፣ ይተነፍሳል፣ ያብጣል፣ ይቀንሳል፣ ልጅ ያቅፋል። ጨርቅ መያዝም መስጠትም እንዳለበት፣ የት ቦታ ላይ ቢጠብቅ ደም እንደሚከለክል፣ የት ቢላላ እንደሚሸበሸብ ያውቃል። ላቴክሱን ነክረው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ መጋጠሚያ አወጡለት፤ እንዳይነፋ በናይለን አጠነከሩት፣ እንዳይረዝም በሁለቱ ጎን ገመድ ሠሩለት። ክርኑ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል የተሰበሰበው ያህል በውጭ በኩል ይዘረጋል። ትሉ ያወቀውን ነገር የሰው እጅ ደረሰበት።

የሰፉት ሴቶች ናቸው። የሴቶች የውስጥ ልብስና የሕፃናት ልብስ ከሚሰፋበት መስመር የተመረጡ፣ ሲንገር የስፌት መኪና ላይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሴቶች፤ ኤሌኖር ፎራከር፣ ሄዘል ፌሎውስ፣ ሮበርታ ፒልከንተን፣ ሩት አና ራትሌጅና ሌሎችም። ስፌቱ ከተባለለት መስመር አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ እንዲያፈነግጥ አልተፈቀደም። ልብሱ 21 ንብርብር ነበረው፤ ከውስጥ ገላን ከሚነካው ጨርቅ ጀምሮ እንደ ወረቀት የሳሱ፣ በብርማ ሽፋን የተለበዱ ስሶች ተደራርበው፣ ከላይ ከመስተዋት ክር የተሸመነ፣ እሳት የማይበላው ነጭ ጨርቅ። ያ ነጭ ጨርቅ የገባው በጃንዋሪ 1967 ሦስት ጠፈርተኞች በሙከራ ላይ እያሉ መንኮራኩራቸው ውስጥ ከተቃጠሉ በኋላ ነው። ጨርቁ ያንሸራትታል፣ ይቆራረጣል፣ ለመስፋት ያስቸግራል። ስፌት የሚያውቅ ሰው ጨርቅን በስፒል ወግቶ ያቆማል፤ እዚህ ግን አንዲት ስፒል ተረስታ ብትቀር ጎማውን ትበሳለች፣ ሰው ትገድላለች። አንድ ጊዜ ስፒል ልብስ ውስጥ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ የስፒል አጠቃቀም በጥብቅ ተቆጠረ፣ ልብሶቹም በራጅ ይታዩ ጀመር።

እነዚህ ሴቶች ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የተናገሩት ስለ ፍርሃት ነው። የሚሰፉለትን ሰው ያውቁታል፤ ጠፈርተኞቹ ወደ ዶቨር እየመጡ ይለኩ ነበርና ፊታቸውን አይተዋል፣ እጃቸውን ጨብጠዋል። ሕይወቱ በእኔ ስፌት ላይ ነው የሚለውን ሐሳብ ይዞ ወደ ቤት መሄድ፣ ሌሊቱን መተኛት፣ ጠዋት ተመልሶ መኪናው ፊት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ እገምታለሁ። የሰው ልጅ በጨረቃ ላይ ብቻውን ቆመ ሲባል ስሰማ የምቃወመው ለዚህ ነው። ብቻውን አልቆመም። በክርኑ፣ በጉልበቱ፣ በእያንዳንዱ ጣቱ መጋጠሚያ ላይ የሰው እጅ አብሮት ነበር። የእጅ ሙያን ዝቅ አድርጎ ማየት የአንድ አገር በሽታ ብቻ አይደለም፤ እኛም ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በክፉ ስም እየጠራን፣ የሠሩትን ግን ለብሰንና ይዘን ኖረናል።

የጥንት ሊቃውንቶቻችን ሰው ከአራት ባሕርያት ተፈጠረ ይላሉ፤ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት። የጠፈር ልብስ ሠሪዎች ይህን ትምህርት ሳይሰሙ በየተራው ደረሱበት። ነፋሱን ሲጨርሱ እሳቱ መጣባቸው። ሕዋ ብርድ ነው ብለን እናስባለን፤ ሆኖም በባዶ ስፍራ ሙቀትን ወስዶ የሚሄድ አየር ስለሌለ የሚሠራ ሰው የሚሰቃየው በገዛ ሙቀቱ ነው። በጁን 1966 አሜሪካዊው ዩጂን ሰርናን ከ‹ጀሚናይ 9› ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲታገል ልቡ በደቂቃ ወደ 180 ጊዜ መታ፤ ላቡና ትንፋሹ የራስ ቁሩን መስተዋት አሳወረው። በአፍንጫው መስተዋቱን እያሸ ነው ትንሽ ቀዳዳ ያህል ያየው። መፍትሔው ውሃ ሆነ። ፋርንቦሮ በሚባለው የእንግሊዝ የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ የተጀመረ ሐሳብ ነበር፤ ገላ ላይ በሚለበስ ስስ ሹራብ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎችን አልፎ ውሃ ይዞራል። ለጨረቃው ልብስ 90 ሜትር ያህል ቱቦ ተጠለፈበት። በጀርባ ላይ ባለው ማህደር ውስጥ ደግሞ ጥቂት ውሃ ወደ ባዶው ስፍራ እንዲሰርግ ይደረጋል፤ እዚያ በረዶ ይሆናል፣ በረዶውም ሳይቀልጥ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የሰው ገላ በላብ የሚያደርገውን ነገር ልብሱ በገላው ፈንታ አደረገው።

ልብስ ምን እንደሆነ ግን ያለ ልብስ የሄዱት ሰዎች ናቸው ይበልጥ የሚነግሩን። በጁን 1971 የሶቪየት ጠፈርተኞቹ ጆርጂ ዶብሮቮልስኪ፣ ቭላዲስላቭ ቮልኮቭና ቪክቶር ፓትሳየቭ ከሦስት ሳምንት በላይ ‹ሳልዩት 1› በተባለው የጠፈር ጣቢያ ላይ ቆይተው በ‹ሶዩዝ 11› ይመለሱ ነበር። መንኮራኩሯ ለሦስት ሰው ጠባብ ስለነበረች የጫና ልብስ አልለበሱም፤ ሦስት ሰው ከነልብሱ አይገባባትም። 168 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳሉ አንዲት የአየር መተላለፊያ ያለ ጊዜዋ ተከፈተች። መንኮራኩሯ በፓራሹት በሰላም አረፈች። በሩን የከፈቱት ሰዎች ሦስቱንም በወንበራቸው ላይ ሞተው አገኟቸው። ከዚያ በኋላ ሶቪየቶች አንድ ወንበር አንሥተው ለሁለቱ ልብስ አለበሱ፤ ‹ሶኮል› የተባለው ልብስ በ1973 የገባው እንዲህ ነው። ሦስት ሰው ይዞ ለመሄድ የነበረው ጉጉት ሦስት ሰው አስከፈለ።

አባቶች አዳም ከመሳሳቱ በፊት ብርሃን ለብሶ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ፈጣሪ ከቁርበት ልብስ ሰፍቶ እንዳለበሰው ይተርካሉ። ይህን ትረካ በልጅነቴ እንደ ቅጣት ነበር የምሰማው። አሁን ሳስበው የቁርበቱ ልብስ ርኅራኄ ነው። ከገነት የወጣ ሰው ከእንግዲህ ከውጭ የሚይዘው ነገር እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሌላ አካል ተቀምጦ ሰፋለት። በሮኬት ዘመን ፖስተሮች ላይ ጠፈርተኛው ድል አድራጊ ሆኖ ይሣላል። ልብሱ ራሱ ግን ድልን አይናገርም፤ ለባሹ ያለ ትንሽ ነፋስ፣ ያለ ትንሽ ውሃ፣ ያለ ሌላ ሰው እጅ አንዲት ደቂቃ እንደማይቆም ይመሰክራል። እኔ በዚህ ምስክርነት ውስጥ ውርደት አይታየኝም። ከሮኬቱ ይልቅ ለሰው ልጅ ክብር የሚስማማው ልብሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሮኬቱ የምንችለውን ሲያሳይ ልብሱ ማን እንደሆንን ያሳያልና።

ከአራቱ ባሕርያት የቀረችው መሬት ናት፤ እሷም የራሷን አደረገች። የጨረቃ አቧራ በነፋስና በውሃ ያልተሸረሸረ በመሆኑ እንደ ተሰበረ መስተዋት ስለታም ነው። ጨርቁን በላው፣ መጋጠሚያዎቹን አጠበቀ። የኒል አርምስትሮንግ ልብስ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም አለ። ላቴክሱ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ታስቦ አልተሠራም፤ ለወራት ነበር የታሰበው። እየደረቀ፣ እየተሰነጠቀ፣ መታጠፍ እየተሳነው ሄደ። በ2015 ሙዚየሙ ከሕዝብ መዋጮ ሰብስቦ ልብሱን ለመጠበቅ ሠራ፤ በጁላይ 2019 በልኩ በተዘጋጀ ቀዝቃዛና ደረቅ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ መልሶ ለሕዝብ አሳየው።

ከጨረቃ የመጣውን ዝነኛ ፎቶ ያላየ ሰው የለም፤ በዝ ኦልድሪን ቆሞ፣ በወርቃማው መስተዋት ላይ አርምስትሮንግ ተንጸባርቆ። ሁሉም የሚያየው መስተዋቱን ነው። አንባቢ ሆይ፣ ሌላ ጊዜ ሲያዩት ዓይንዎን ከመስተዋቱ ወደ ግራ ክርኑ ያውርዱት፤ እጁ ታጥፏል። ያን ክርን የሚያጥፈውን ሥራ ለመሥራት ከአክሮን እስከ ዶቨር ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ልጆችዎ ጨረቃ ላይ ማን ወጣ ብለው ሲጠይቁዎት የአሥራ ሁለቱን ወንዶች ስም ይንገሯቸው፤ የሰፉትንም ሴቶች ስም ይጨምሩላቸው። ከ1969 እስከ 1972 ጨረቃ ላይ ከተለበሱት ከእነዚህ ልብሶች መካከል ለባሹን የከዳ አንድም የለም።